ቅጂው ዋናውን ሲመስል፦ ዘግይቶ የሚደርስ ዳታና የጋራ ስቴት በድረ ገጽ ኮምፖነንቶች ውስጥ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2025 የኢንተርኔት መሠረተ ልማት ኩባንያው የክላውድፍሌር ደንበኞች አገልግሎታቸውን የሚቆጣጠሩበት ዳሽቦርድና ከጀርባው ያሉት ኤፒአዮች (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚጠያየቁባቸው በሮች) ተቋረጡ። በኩባንያው ኔትወርክ የሚያልፈው የድረ ገጾች ትራፊክ ግን አልተነካም። ኩባንያው በኋላ ባወጣው ማብራሪያ እንደገለጸው፣ መነሻው ከውጭ የመጣ ጥቃት አልነበረም። በዳሽቦርዱ ኮድ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ መላክ የነበረበት ጥያቄ ገጹ እንደገና በተሳለ ቁጥር ደግሞ ደጋግሞ ይላክ ነበር። ጥያቄውን የሚቀበለው አገልግሎት በዚያው ሰሞን ለውጥ ተደርጎበት ስለነበር ጫናውን መሸከም አቃተው።

ወሬው እንደተሰማ ክርክሩ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ጥፋቱን ዳሽቦርዱ በተሠራበት የገጽ መሥሪያ በሪአክት ላይ፣ በተለይም ገጹ ከተሳለ በኋላ እንደ ጥያቄ መላክ ያለ ሥራ (ኢፌክት) በሚያስኬደው «ዩዝኢፌክት» በሚባለው መሣሪያ ላይ ጣለ። ሌላው ደግሞ መሣሪያው ምንም አላጠፋም፣ የፕሮግራመር ቸልተኝነት ነው አለ። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ሁለቱም ግን አንድ ጥያቄ ያልፋሉ፦ ብራውዘር ውስጥ ያለ ኮምፖነንት ሰርቨር ላይ የሚኖር ዳታ ሲይዝ በእጁ ያለው ምንድን ነው? መልሱ ቅጂ ነው። የተወሰደበት ሰዓት ያለው፣ ከዋናው ጋር ሊለያይ የሚችል፣ ሌሎች ኮምፖነንቶችም የየራሳቸውን ሊይዙ የሚችሉት ቅጂ። በዚህ መስክ ከሚታዩት ስህተቶች አብዛኞቹ ቅጂውን እንደ ዋና ከመቁጠር ይመነጫሉ።

## ቃላቱን ለማጥራት

ኮምፖነንት የገጽ አንድ ክፍል ነው፤ የራሱ መልክ፣ የራሱ ባህርይ፣ ብዙ ጊዜም የራሱ ትውስታ አለው። ስቴት የሚባለው ያ ትውስታ ነው፦ ገጹ በዚህች ቅጽበት ምን ማሳየት እንዳለበት የሚወስን ዋጋ። ስቴቱ ሲለወጥ ኮምፖነንቱ እንደገና ይሳላል፤ ይህን ሥራ ሬንደር ይሉታል። የጋራ ስቴት ደግሞ ከአንድ በላይ ኮምፖነንት የሚያነበው ወይም የሚለውጠው ነው።

ዘግይቶ ለሚደርስ ዳታ የሚውለው ኢሲንክሮነስ የሚለው ቃል ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ጃቫስክሪፕት በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ነው የሚሠራው። ሰርቨሩ እስኪመልስ ቆሞ ቢጠብቅ ገጹ ደርቆ ይቀር ነበር። ስለዚህ ጥያቄውን ልኮ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል፣ ምላሹ ሲደርስ ካቆመበት ይቀጥላል። ያልደረሰውን ምላሽ የሚወክለው ነገር ፕሮሚስ ይባላል፤ የጃቫስክሪፕት ስታንዳርድ አካል የሆነው በ2015 ነው። በ2017 «አሲንክ» እና «አዌይት» የሚባሉት ቁልፍ ቃላት ተጨመሩ። እነዚህ ቃላት ኮዱ ከላይ ወደ ታች ሳይቋረጥ የሚወርድ ያስመስሉታል። ማስመሰል ብቻ ነው። «አዌይት» ባለበት መስመር ሁሉ ሥራው ይቋረጣል፤ በመካከሉ ተጠቃሚው ሌላ ቁልፍ ሊጫን፣ ገጹን ሊለቅ፣ ሌላ ምላሽ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ከመስመሩ በላይ እውነት የነበረው ከመስመሩ በታች እውነት ላይሆን ይችላል።

## ምላሾች በተላኩበት ተራ አይመጡም

ተጠቃሚው በፍለጋ ሳጥን ውስጥ «ሰ»፣ «ሰማ»፣ «ሰማይ» ብሎ ጻፈ እንበል። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ጥያቄ ከተላከ ሦስት ጥያቄዎች መንገድ ላይ ናቸው። «ሰ» ብዙ ውጤት ስላለው ሰርቨሩ 900 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ «ሰማይ» በ150 ያልቃል። የመጨረሻው ቀድሞ ይደርስና ትክክለኛው ዝርዝር ይታያል። ከዚያ የመጀመሪያው ተንጠልጥሎ ቆይቶ ይመጣና ይጽፍበታል። ሳጥኑ «ሰማይ» ይላል፣ ዝርዝሩ የ«ሰ» ነው። የተመዘገበ ስህተት የለም፣ ሁሉም ጥያቄ «ተሳክቷል»። ይህ ሬስ ኮንዲሽን ይባላል፤ ውጤቱ ማን ቀድሞ በመድረሱ ላይ የተንጠለጠለ ሁኔታ ማለት ነው።

ጃቫስክሪፕት አንድ ሥራ ብቻ በአንድ ጊዜ ስለሚሠራ ከዚህ የተጠበቀ የሚመስላቸው ጥቂት አይደሉም። ጥበቃው ሁለት ሥራዎች በአንድ መስመር መሃል እንዳይጋጩ ነው፤ ምላሾች በምን ተራ እንደሚደርሱ ግን የሚወስነው ቋንቋው ሳይሆን ኔትወርኩና ሰርቨሩ ናቸው።

ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሞከረው መፍትሔ ዲባውንስ ነው፦ ተጠቃሚው መጻፉን ካቆመ በኋላ ለምሳሌ 300 ሚሊሰከንድ ጠብቆ መላክ። የጥያቄዎቹን ቁጥር ስለሚቀንስ ጥሩ ነገር ነው፤ እሽቅድድሙን ግን አያስቀርም። ተጠቃሚው 400 ሚሊሰከንድ አረፍ ብሎ ከቀጠለ አሁንም ሁለት ጥያቄዎች መንገድ ላይ ይሆናሉ። ዲባውንስ ችግሩን ብርቅ ያደርገዋል፣ ብርቅ የሆነ ስህተት ደግሞ ለመያዝ ይብሳል።

በሽታውን በትክክል የሚያክሙ ሦስት መንገዶች አሉ። ቀላሉ ምልክት ማድረግ ነው። ሪአክት ኢፌክቱን ዳግም ከማስኬዱ በፊት የቀደመውን ማጽጃ ፈንክሽን ይጠራል። ኢፌክቱ ውስጥ «ተትቷል» የሚል፣ ሲጀምር ሐሰት የሆነ ቫሪያብል ይቀመጣል፤ ማጽጃው ወደ እውነት ይለውጠዋል፤ ምላሹ ሲደርስ ስቴት ከመለወጡ በፊት ቫሪያብሉ ይታያል። የሚሠራው እያንዳንዱ የኢፌክት ዙር የራሱ ቫሪያብል ስላለው ነው። ያንኑ ቫሪያብል ከኢፌክቱ ውጭ አውጥቶ ማስቀመጥ፣ ኮዱን ለማሳጠር ሲባል የሚደረግ ነገር ነው፣ ሁሉንም ዙሮች አንድ ምልክት እንዲጋሩ ያደርጋል። አዲሱ ዙር ምልክቱን ወደ ሐሰት ሲመልሰው የድሮው ምላሽም በሩ ይከፈትለታል።

ሁለተኛው የተላከ ጥያቄን የሚያቋርጠው «አቦርት ኮንትሮለር» ነው፤ ከ2017 እና 2018 ጀምሮ በብራውዘሮች ውስጥ አለ። ለአንድ ጥያቄ አንድ ኮንትሮለር ይፈጠራል፣ የማቋረጫ ምልክቱ ጥያቄ ለሚልከው የብራውዘር ፈንክሽን ለ«ፌች» ይሰጣል፣ ማጽጃው ውስጥ «አቦርት» ይጠራል። ከመጀመሪያው መንገድ የሚበልጠው ግንኙነቱን ነጻ በማውጣቱ ነው። በኤችቲቲፒ 1.1 ብራውዘሮች ለአንድ ሰርቨር በተለምዶ 6 ግንኙነት ብቻ ስለሚከፍቱ፣ የማይፈለጉ ጥያቄዎች መስመሩን ይዘው የሚፈለገውን ያስጠብቁታል።

ይህ መንገድ ሦስት ወጥመዶች አሉት። አንደኛ፣ የተቋረጠ ጥያቄ «አቦርት ኤረር» የሚል ስህተት ይወረውራል፤ ካልተለየ ተጠቃሚው ፊደል በጻፈ ቁጥር «ችግር ተፈጥሯል» የሚል መልእክት ብልጭ ይላል። ሁለተኛው ይበልጥ ስውር ነው። «በመጫን ላይ» የሚለውን ምልክት የሚያጠፋው መስመር ብዙ ጊዜ ሥራው ቢሳካም ባይሳካም በሚሠራው «ፋይናሊ» በሚባለው የኮድ ክፍል ውስጥ ይጻፋል፤ ያ ክፍል ደግሞ የተቋረጠው ጥያቄም ሲያልቅ ይሠራል። ውጤቱ፦ አዲሱ ጥያቄ ገና መንገድ ላይ ሳለ የድሮው ሲሞት ምልክቱን አጥፍቶት ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ማቋረጥ ማለት ብራውዘሩ መስማቱን ተወ ማለት እንጂ ሰርቨሩ ሥራውን አቆመ ማለት አይደለም። ክፍያን ወይም ትእዛዝን በዚህ መንገድ «የሰረዘ» ኮድ ምንም አልሰረዘም።

ሦስተኛው መንገድ ምላሹን ከጥያቄው ጋር አስሮ ማስቀመጥ ነው። በቀላል መልኩ እያንዳንዱ ጥያቄ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከመጨረሻው ቁጥር ጋር የማይገጥም ምላሽ ይጣላል። በበሰለ መልኩ ደግሞ የ«ሰ» ውጤት «ሰ» በሚል ቁልፍ ሥር፣ የ«ሰማይ» ውጤት በራሱ ቁልፍ ሥር ይቀመጣል፤ ገጹ የሚያነበው አሁን ሳጥኑ ውስጥ ባለው ቁልፍ ሥር ያለውን ብቻ ነው። ዘግይቶ የመጣው ምላሽ የሚጎዳው ነገር የለም፣ እንዲያውም ተጠቃሚው ፊደል አጥፍቶ ቢመለስ ይጠቅማል። ከሦስቱ ይህኛው ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ የቀሩት ሁለቱ ምላሽን ሲጥሉ ይህ ግን ቦታ ይሰጠዋል።

እንደ ሪአክት ያለ የገጽ መሥሪያ (ፍሬምወርክ) ሳይጠቀሙ፣ በብራውዘሩ የራሱ የዌብ ኮምፖነንት ስታንዳርድ ለሚሠሩም ሕጉ ያው ነው፤ ጥያቄው ኤለመንቱ ገጹ ውስጥ ሲገባ በሚጠራው «ኮኔክትድ ኮልባክ» ውስጥ ይጀመራል፣ ሲወጣ በሚጠራው «ዲስኮኔክትድ ኮልባክ» ውስጥ ይቋረጣል። ኤለመንቱ በገጹ ውስጥ ቦታ ሲቀይር ሁለቱም በተከታታይ እንደሚጠሩ መዘንጋት ግን ዋጋ ያስከፍላል። አንዴ የተቋረጠ ኮንትሮለር ዳግም ስለማያገለግል፣ ኤለመንቱ ሲፈጠር በሚሠራው ኮንስትራክተር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የፈጠረ ኮድ ኤለመንቱ ሲዘዋወር ድምፁን አጥፍቶ ይቀራል።

## ኢፌክቱ መቼ ይደገማል?

ወደ ክላውድፍሌር ጉዳይ ስንመለስ፣ «ዩዝኢፌክት» ሁለት ነገር ይቀበላል፦ የሚሠራውን ፈንክሽንና የሚመረኮዝባቸውን ዋጋዎች ዝርዝር። ከዝርዝሩ አንዱ ሲለወጥ ኢፌክቱ ይደገማል። ጥያቄው «ተለወጠ» ማለት ምን ማለት ነው የሚለው ነው። ቁጥርና ጽሑፍ ከሆነ ዋጋቸው ይነጻጸራል። ኦብጀክት (በርካታ ዋጋዎችን በአንድ የያዘ ነገር) ከሆነ ግን የሚነጻጸረው ይዘቱ ሳይሆን ማንነቱ ነው፤ በውስጣቸው አንድ ዓይነት ነገር የያዙ ሁለት ኦብጀክቶች ለጃቫስክሪፕት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮምፖነንቱ በተሳለ ቁጥር በውስጡ የተጻፈ ኦብጀክት እንደ አዲስ ይፈጠራል፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ውስጥ የገባ እንደሆነ ኢፌክቱ በእያንዳንዱ ሬንደር ይደገማል። በዳሽቦርዱ የሆነው ይኸው ነው። ምላሹ ራሱ ስቴት የሚለውጥ ከሆነ ደግሞ ክቡ ይዘጋል፦ ምላሽ ሬንደርን፣ ሬንደር ኢፌክትን፣ ኢፌክት ጥያቄን ይወልዳል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ኦብጀክቱን ኢፌክቱ ውስጥ መፍጠርና ዝርዝሩ ላይ የተጠቃሚውን መለያ ወይም የገጹን ቁጥር የመሰሉ ተራ ዋጋዎችን ብቻ ማስፈር ይበቃል። ፈጽሞ የማይለወጥ ኦብጀክት ከሆነ ከኮምፖነንቱ ውጭ ይውጣ። «ዩዝሜሞ» ኦብጀክቱን በማስታወስ ይረዳል፤ ነገር ግን የሪአክት ሰነድ ራሱ ለፍጥነት እንጂ ለትክክለኛነት እንዳይመኩበት ያስጠነቅቃል።

ይህ ስህተት ገንቢው ኮምፒውተር ላይ የማይታየው ሰርቨሩ እዚያው ቅርብ፣ ተጠቃሚውም አንድ ሰው ስለሆነ ነው። በአንድ ጥያቄ ፈንታ አምስት ቢላክ ገጹ ያው ነው የሚመስለው። ሪአክት 18 በማርች 2022 ሲወጣ ስህተትን ቶሎ በሚያጋልጠው ስትሪክት ሞድ በሚባለው ቅንብር ውስጥ፣ በግንባታ ጊዜ ብቻ፣ እያንዳንዱ አዲስ ኮምፖነንት ኢፌክቱን አስጀምሮ፣ አጽድቶ፣ እንደገና እንዲያስጀምር የተደረገው የጎደለ ማጽጃን ለማጋለጥ ነው። ጥያቄው ሁለት ጊዜ ሲላክ ያዩ ብዙዎች ሞዱን ያጠፉታል። ችግሩ ግን ከሞዱ ጋር አይጠፋም።

## ዋናው የት ነው?

በ2014 ፌስቡክ ፍላክስ የተባለውን አሠራር ሲያስተዋውቅ በምሳሌነት ያነሳው የቻት ማሳወቂያውን ነበር። ያልተነበበ መልእክት አለ ይላል፣ ተጠቃሚው ሲከፍት የለም፤ ይስተካከላል፣ ከጊዜ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። በተለያዩ የገጹ ክፍሎች ያለው መረጃ እርስ በርሱ ሲነካካ ለውጡ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ መከተል አይቻልም ነበር። ፍላክስ ለውጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲፈስ አደረገ፤ በ2015 የመጣው ሪዱክስ ደግሞ ሁሉን በአንድ ማከማቻ ሰበሰበ።

ትምህርቱ ትክክል ነበር፣ አተገባበሩ ግን ከልክ አለፈ። ከሰርቨር የመጣው ዳታ ሁሉ ማከማቻው ውስጥ ተከተተ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ «ተጀመረ»፣ «ተሳካ»፣ «ከሸፈ» የሚሉ ሦስት መልእክቶች ተጻፉ። ሳይታሰብ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ካሽ፣ ማለትም የቅጂ ማከማቻ፣ በእጁ መሥራት ያዘ፦ ይህን ማን ጠይቆታል? ምን ያህል ቆየ? መቼ ይጣል? እነዚህ የስቴት ጥያቄዎች አይደሉም፤ የቅጂ ጥያቄዎች ናቸው።

በ2019 ብቅ ያለው ኤስ ደብሊው አር እና ዛሬ ታንስታክ ኩዌሪ የሚባለው ሪአክት ኩዌሪ የተባሉት ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) ይህን ልዩነት ግልጽ አደረጉ። የኤስ ደብሊው አር ስም ራሱ በ2010 በወጣ የኤችቲቲፒ ካሽ ደንብ ውስጥ ካለ ቃል የተወሰደ ነው፤ ሐሳቡም ያረጀውን ቅጂ ወዲያው አሳይ፣ ከጀርባ ደግሞ አዲሱን አስመጣ የሚል ነው። እያንዳንዱ ዳታ ቁልፍ አለው። አንድ ቁልፍ የሚጠይቁ አሥር ኮምፖነንቶች ቢኖሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ይላካል፣ ሁሉም ያንኑ ቅጂ ያያሉ።

የእነዚህን መሣሪያዎች መነሻ ቅንብር ሳያውቁ መጠቀም ግራ ያጋባል። ታንስታክ ኩዌሪ ውስጥ ዳታ ትኩስ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ካልተነካ ዜሮ ነው፤ ማለትም እንደደረሰ አርጅቷል ተብሎ ይቆጠራል። ተጠቃሚው ወደ ሌላ ታብ ሄዶ ሲመለስ እንደገና የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ማንም የማያየው ቅጂ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይጣላል። የከሸፈ ጥያቄ 3 ጊዜ ይደገማል፤ የመጀመሪያው ድጋሚ ከ1 ሰከንድ በኋላ ሲሆን ክፍተቱ እየተባዛ እስከ 30 ሰከንድ ሊሄድ ይችላል። በዚህ ምክንያት ገጹ ስህተቱን እስኪያሳይ 7 ሰከንድ ያህል «በመጫን ላይ» ሊል ይችላል፤ «የለም» የሚል 404 ምላሽን ሦስት ጊዜ መሞከር ደግሞ ከንቱ ድካም ነው። ትኩስነቱ በየዳታው ባህርይ መወሰን አለበት፦ የአገሮች ስም ዝርዝር ቀኑን ሙሉ ቢቆይ ጉዳት የለውም፣ የቀሪ ዕቃ ቁጥር ግን በሰከንዶች ያረጃል።

ቁልፉ ጥያቄውን የሚለውጥ ነገር ሁሉ ሊኖረው ይገባል። የገጽ ቁጥር ከተረሳ ሁለተኛው ገጽ የመጀመሪያውን ያሳያል። የተጠቃሚው ማንነት ቁልፉ ውስጥ ከሌለና ሲወጣ ካሹ ካልጸዳ፣ በዚያው ኮምፒውተር ቀጥሎ የገባው ሰው የቀደመውን ሰው ዳታ ለአፍታም ቢሆን ያያል። ይህ የውበት ጉድለት አይደለም፣ የምስጢር መውጣት ነው።

ሌላው የተለመደ ስህተት ከካሽ የመጣውን ዳታ በኢፌክት ወደ ኮምፖነንቱ ስቴት መገልበጥ ነው። አሁን የቅጂ ቅጂ አለን፤ ካሹ ሲታደስ ያኛው ላይታደስ ይችላል። ከዚያው ዳታ ሊሰላ የሚችል ነገር፣ ለምሳሌ የተጣራ ዝርዝር ወይም ድምር፣ በሬንደር ጊዜ ይሰላ እንጂ ለብቻው አይቀመጥ። አንድ ተገቢ ልዩነት አለ፤ እሱም የማረሚያ ቅጽ ነው። ተጠቃሚው መጻፍ ሲጀምር ረቂቁ የእሱ ነው፤ ለዚያ ረቂቅ ዋናው ብራውዘሩ ውስጥ ያለው ሆኗል። ስለዚህ አንዴ ይገለበጣል፣ ከዚያ በኋላ ከጀርባ የሚመጣ አዲስ ዳታ ሰውየው የጻፈውን እንዳያጠፋበት ይለያል።

## ለጋራው ስቴት ቦታ መምረጥ

የሰርቨሩ ቅጂ ወደ ካሽ ከሄደ በኋላ የሚቀረው የጋራ ስቴት ሲታይ ያንሳል። የተከፈተ ምናሌ፣ የተመረጠ ቋንቋ፣ ጨለማ ወይም ብርሃን መልክ፣ ያልተላከ ረቂቅ። አንድ ኮምፖነንት ብቻ የሚፈልገው እዚያው ይቆያል። ሁለት ወንድማማች የሚፈልጉት ወደ ቅርብ ወላጃቸው ከፍ ይላል። ማጣሪያ፣ የገጽ ቁጥርና የተመረጠ ታብ ደግሞ በአድራሻው መስመር ላይ ቢቀመጡ ይሻላል፤ የመመለሻው ቁልፍ ይሠራል፣ አድራሻውን የተቀበለ ሰው ያንኑ ገጽ ያያል። ይህ ቦታ ከሁሉም የሚረሳ ነው።

የሪአክት ኮንቴክስት ብዙ ጊዜ እንደ ማከማቻ ይወሰዳል፤ ሥራው ግን ዋጋን ከላይ ወደ ታች ማድረስ ነው። ዋጋው ሲለወጥ የሚያነቡት ሁሉ ይሳላሉ፣ ከውስጡ የሚፈልጉት አንዲት መስክ ብትሆንና እሷም ባትለወጥ። እዚህም የኦብጀክት ማንነት ችግር ይመለሳል፤ በየሬንደሩ አዲስ ኦብጀክት የሚሰጥ ኮንቴክስት ምንም ሳይለወጥ ሁሉን ያስደግማል። አልፎ አልፎ ለሚለወጥ ነገር ይስማማል፤ በየፊደሉ ለሚለወጥ ግን እያንዳንዱ ኮምፖነንት የሚፈልገውን ቁራጭ ብቻ እንዲከታተል የሚያስችል ማከማቻ፣ እንደ ሪዱክስ ወይም ዙስታንድ ያለ፣ ይሻላል።

የሲግናል ጉዳይ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ሲግናል ማን እንዳነበበው ራሱ የሚያውቅ ዋጋ ነው፤ ሲለወጥ ያነበቡትን ብቻ ይቀሰቅሳል። ከሌሎቹ የገጽ መሥሪያዎች ሶሊድ በዚህ ላይ ተገነባ፣ አንጉላር በሜይ 2023 በ16ኛ ስሪቱ አስገባው፣ ስቬልት 5 በኦክቶበር 2024 ወደዚሁ መጣ፤ በኤፕሪል 2024 ደግሞ የጃቫስክሪፕት አካል እንዲሆን የቀረበው ሐሳብ በስታንዳርድ ኮሚቴው የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ደረሰ። ደጋፊዎቹ የጥገኝነት ዝርዝር በእጅ መጻፍ ስለሚቀር የክላውድፍሌር ዓይነቱ ስህተት አይፈጠርም ይላሉ፤ በአብዛኛው ትክክል ናቸው። ሲግናል የሚፈታው ግን ማን ይሳል የሚለውን ነው፤ ምላሹ በየትኛው ተራ ይደርሳል የሚለው እንዳለ ይቆያል። ደግሞም የራሱ ወጥመድ አለው፦ በሶሊድ፣ በስቬልትና በቪዩ ራስ-ሰር ክትትሉ የሚሠራው እስከ መጀመሪያው «አዌይት» ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በታች የተነበበ ዋጋ ሲለወጥ ኢፌክቱ አይነቃም። ስለዚህ የሚፈለጉት ዋጋዎች ሁሉ ጥያቄው ከመላኩ በፊት ይነበቡ።

ገጹ መጀመሪያ ሰርቨር ላይ የሚሳል ከሆነ አንድ ነገር ጥብቅ ነው። በፋይሉ አናት ላይ የተፈጠረ የጋራ ማከማቻ ብራውዘር ውስጥ የአንድ ሰው ነው፤ ሰርቨር ላይ ግን ያው ፕሮሰስ ብዙ ሰዎችን ስለሚያስተናግድ የሁሉም ይሆናል። የአንዱ ስም በሌላው ገጽ ላይ ሊወጣ ይችላል። ማከማቻው ለእያንዳንዱ ጥያቄ እንደ አዲስ መፈጠር አለበት።

## መጻፍ ከማንበብ ይከብዳል

ሲያነቡ መሳሳት አሮጌ ነገር ያሳያል፤ ሲጽፉ መሳሳት ግን ዋናውን ያበላሻል። ብዙ ገጾች ተጠቃሚው እንዳይጠብቅ ለውጡን ሰርቨሩ ሳያረጋግጥ ያሳያሉ፤ ተስፋን ያስቀደመ ማሻሻያ ልንለው እንችላለን። አሠራሩ ቅደም ተከተል አለው፦ በዚያ ቁልፍ ሥር በመንገድ ላይ ያሉ ንባቦች ይቋረጣሉ፣ የነበረው ዋጋ ይያዛል፣ አዲሱ ይታያል፣ ጥያቄው ይላካል፤ ከከሸፈ የተያዘው ይመለሳል፣ ሲያልቅ ዋናው ዳግም ይነበባል። የመጀመሪያውን እርምጃ የዘለለ ገጽ ላይ ተጠቃሚው የወደደው ምልክት ይበራል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይበራል፤ ቀድሞ የተላከ ንባብ አሮጌውን ዋጋ ይዞ መሃል ስለሚገባ ነው። የተያዘውን ዋጋ መመለስም ቢሆን ጣጣ አለው፤ በመካከሉ ሁለተኛ ለውጥ ከተደረገ አብሮ ይጠፋል። ያኔ አሮጌውን ከመመለስ ይልቅ ከሰርቨሩ እንደ አዲስ ማንበብ ይመረጣል።

ሁለት ጊዜ እንዳይጫን ቁልፍን ማደብዘዝ ለተጠቃሚው ምልክት ነው፣ ዋስትና ግን አይደለም። ምላሹ መንገድ ላይ ከጠፋ ተጠቃሚው ወይም ኮዱ ይደግመዋል፣ ሰርቨሩ ግን የመጀመሪያውን ፈጽሞት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብራውዘሩ ለአንድ ድርጊት አንድ ልዩ መለያ ይፍጠር፣ በድጋሚውም ያንኑ ይላክ፤ ሰርቨሩ ያየውን መለያ ዳግም አይፈጽም። ሁለት ሰዎች አንድን ሰነድ ሲያርሙ ደግሞ ብራውዘሩ የያዘውን ቅጂ የስሪት ምልክት «ኢፍ-ማች» በሚባለው ሄደር፣ ማለትም ከጥያቄው ጋር በሚሄድ ተጨማሪ መረጃ፣ ይልካል፤ ዋናው ተለውጦ ከቆየ ሰርቨሩ 412 (ቅድመ ሁኔታው አልተሟላም) ብሎ ይመልሳል። ይህ ሲሆን የኋለኛው የፊተኛውን ሥራ ሳያውቅ አይደመስስም።

ድጋሚ ሙከራ ላይ የዘፈቀደ መዘግየት መጨመር ትንሽ ነገር ይመስላል። በሴፕቴምበሩ መቋረጥ አገልግሎቱ ሊነሳ ሲል የተከፈቱት ዳሽቦርዶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለጠየቁት ጫናው ተባባሰ፤ ኩባንያውም ሙከራዎቹን በጊዜ የሚበትን ለውጥ እንደሚያደርግ ገልጿል።

## መሣሪያ ይጨመር ወይስ ይቀነስ?

ላይብረሪ አያስፈልግም የሚሉት ወገኖች አንድ ጥያቄ ለሚልክ ገጽ ሃያ መስመር ኮድ ይበቃል ይላሉ፣ ይበቃልም። ሦስት ኮምፖነንት ያንኑ ዳታ መፈለግ ሲጀምር ግን ያ ሃያ መስመር ያልተፈተነ ካሽ መሆን ይጀምራል። ሌላ ወገን ደግሞ ንባቡን ጠቅልሎ ወደ ሰርቨር መመለስ ይመርጣል፤ በዲሴምበር 2024 የወጣው ሪአክት 19 የሰርቨር ኮምፖነንቶችን በይፋ ያካተተው በዚህ አቅጣጫ ነው። ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ወላጅ ዳታውን ካገኘ በኋላ ልጅ፣ ከዚያ የልጅ ልጅ በየተራ የሚጠይቁበት ገጽ በየደረጃው 200 ሚሊሰከንድ ቢወስድ ተጠቃሚው 600 ይጠብቃል፤ ሰርቨሩ ከዳታው አጠገብ ሆኖ ሲያነብ ይህ ያጥራል። የፍለጋ ሳጥኑ፣ የሚበራው የመውደድ ምልክትና ረቂቁ ግን ብራውዘር ውስጥ ይቀራሉ፣ ከነእሽቅድድማቸው።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ሁለት ዝርዝሮች በእጅ መፈተሽ አለባቸው። «ፌች» 404 ወይም 500 (የሰርቨር ስህተት) ሲመጣ ስህተት አይወረውርም፤ የሚወረውረው ግንኙነቱ ሲቋረጥ ነው፤ ስለዚህ «ኦኬ» የሚለው መስክ ሳይታይ ምላሹን ማንበብ የስህተት ገጽን እንደ ዳታ መቀበል ነው። እንዲሁም «በመጫን ላይ»፣ «ስህተት አለ»፣ «ዳታ አለ» የሚሉ ሦስት ለየብቻ የሚበሩ ምልክቶች 8 ጥምረት ይፈጥራሉ፤ ትርጉም ያላቸው ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ሁኔታውን በአንድ ስም መያዝ፦ አልተጀመረም፣ እየመጣ ነው፣ መጥቷል፣ ከሽፏል፤ የማይሆኑትን ጥምረቶች ከመነሻው ይዘጋል። ባዶ ዝርዝር ከ«መጥቷል» ጋር እንጂ ከ«ከሽፏል» ጋር እንደማይመደብም ልብ ይሏል።

ስህተቱ መኖሩን ለማወቅ በብራውዘሩ መሣሪያዎች ኔትወርኩን ማዘግየት አይበቃም፤ ሁሉንም እኩል ስለሚያዘገይ ተራው አይዛባም። የሚያጋልጠው ሰርቨሩን በሚተካ የሙከራ ኮድ የመጀመሪያውን ምላሽ 2,000፣ ሁለተኛውን 100 ሚሊሰከንድ ማዘግየት፣ ከዚያ ሁለቱም ከደረሱ በኋላ በገጹ ላይ የቀረው የሁለተኛው መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ያው ሙከራ የመጀመሪያው ምላሽ ስህተት ሆኖ ሲመጣም፣ ኮምፖነንቱ ከገጹ ከወጣ በኋላ ሲደርስም ይደገማል፤ የተላኩት ጥያቄዎች ቁጥርም አብሮ ይቆጠራል።